የቂርቆስና የካዛንቺስ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች

የቂርቆስና የካዛንቺስ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች በአዲስ አበባ መሃል፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማና በአዋሳኞቹ የሚገኙ፣ ለመራመድ፣ ለመሮጥ፣ ለብስክሌትና ለዊልቸር በጋራ የሚያገለግሉ መንገዶች ናቸው። ከመስቀል አደባባይ፣ ከካዛንቺስ፣ ከኡራኤልና ከለገሃር የሚነሱት መስመሮች በሰሜን ወደ ወዳጅነት ፓርክና አራት ኪሎ፣ በደቡብ ምሥራቅ ወደ ቦሌ፣ በምዕራብ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ያመራሉ። አሁን ያላቸውን ቅርጽ የያዙት በአብዛኛው ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በተከታተሉ ሦስት ሥራዎች ነው፤ እነዚህም ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት፣ የመስቀል አደባባይ እድሳትና በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ናቸው። መንገዶቹን መሥራት የጥቂት ወራት ሥራ ነበር። እነሱን ማስተዳደርና መጠገን ግን ከክረምት ክረምት የሚመላለስ ሥራ ሲሆን፣ የመንገዶቹ ጠቃሚነት የሚለካውም በዚሁ ነው።

አካባቢው

ቂርቆስ ከአዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች በስፋት ከትናንሾቹ አንዱ ነው። የቆዳ ስፋቱ 14.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 220 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበረው። ስሙን ያገኘው በውስጡ ካለው የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ)፣ መስቀል አደባባይ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንና የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ለገሃር በዚሁ አካባቢ ይገኛሉ። በቀን ለሥራ፣ ለጉዳይና ለመሳለም የሚመጣው ሰው ብዙ በመሆኑ የእግረኛ መንገዱ የሚሸከመው የሰፈሩን ሰው ብቻ አይደለም።

ካዛንቺስ በክፍለ ከተማው ሰሜን ምሥራቅ በኩል ይገኛል። የስሙ ምንጭ ጣሊያንኛ ነው፤ ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚያሠራው ተቋም ምሕጻረ ስም «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ በሕዝቡ አፍ «ካዛንቺስ» ሆኖ ቀረ። ከነጻነት በኋላ ሰፈሩ ባለ ሁለት መልክ ሆነ። በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና በኩል በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትና ሒልተን ሆቴል ቆሙ። ከኋላቸው ደግሞ በጠባብ መተላለፊያዎች የተያያዙ የጭቃ ቤቶች፣ ግሮሰሪዎች፣ የምሽት ቤቶችና ጉሊቶች ተስፋፉ። መናኸሪያ፣ ቶታል፣ እንደራሴ የሚባሉት የሰፈር ስሞች ለታክሲ ረዳትም ለእግረኛም ዋና ምልክቶች ሆነው ቆይተዋል።

መሬቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያዘቀዝቃል። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው መስቀል አደባባይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ቁልቁለት የሚወርዱት ቀበናና ባንቲ ይቀጡ ወንዞች በካዛንቺስ ምሥራቅና ምዕራብ አልፈው ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ። ባንቲ ይቀጡ ከተማዋ ከተቆረቆረችበት የፍልውሃ ምንጭ አጠገብ የሚያልፈው ወንዝ ነው። ለብስክሌተኛ ይህ መልክዓ ምድር ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ መውረድ ደስታ፣ መመለስ ደግሞ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሥራ ነው።

ታሪክ

አዲስ አበባ የእግረኞች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 ድረስ እንዲያገለግል የተዘጋጀው የከተማዋ ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ከጉዞዎች 54 በመቶው በእግር እንደሚደረጉ ያስቀምጣል። ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ የእግረኛ መንገድ ከአስፋልቱ የተረፈ ቦታ ነበር። መኪና ይቆምበታል፣ አሸዋና ጠጠር ይራገፍበታል፣ ቦይ ለመጠገን ይቆፈርና ሳይደፈን ይከርማል፤ እግረኛውም ወደ አስፋልት ወርዶ ከታክሲ ጋር ይጋፋል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ለቂርቆስ አዲስ መጓጓዣ አመጣ፤ በመሬት ላይ በሚሄድባቸው ክፍሎች ግን መንገዱን በአጥር ስለከፈለው ማዶ ለመሻገር ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ሆነ።

የአመለካከት ለውጥ የታየበት አንዱ አጋጣሚ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ነው። በተመረጡ እሑዶች መስቀል አደባባይን ጨምሮ የተወሰኑ ጎዳናዎች ለመኪና ዝግ ሆነው ለእግር ጉዞ፣ ለብስክሌት፣ ለልጆች ጨዋታና ለሰውነት ማጎልመሻ ክፍት ይደረጉ ነበር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እሑድ እሑድ ጎዳናዎቿን ስትዘጋ ኖራለች፤ አሁን በዚህ መንገድ የሚከፈተው ከ120 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የሩዋንዳ ዋና ከተማ ኪጋሊም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ተመሳሳይ ቀን አላት።

በዚያው 2011 ዓ.ም. በየካቲት ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ይፋ ሆነ። ዕቅዱ ከእንጦጦ ተራራ ተነሥቶ እስከ አቃቂ በሚዘልቁ ወንዞች ዳር 56 ኪሎ ሜትር መሄጃና አረንጓዴ ቦታ መዘርጋት ሲሆን፣ ወጪው 29 ቢሊዮን ብር ተገምቶ ነበር። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የተካሄደውና መግቢያው 5 ሚሊዮን ብር የነበረው «ገበታ ለሸገር» የገንዘቡ አንዱ ምንጭ ሆነ። ከዚህ ዕቅድ ለካዛንቺስ ቅርብ የሆነው ክፍል በቻይና መንግሥት ድጋፍ የተሠራው ወዳጅነት ፓርክ ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ በጳጉሜ 2012 ዓ.ም. ተመረቀ። መስቀል አደባባይ ደግሞ ከሥሩ 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተሠርቶለት በሰኔ 2013 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። ከእድሳቱ በፊትም በኋላም ጎሕ ሳይቀድ በአደባባዩ ደረጃዎች ላይ የሚመላለሱት ሯጮች የቦታው መለያ ናቸው።

የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በአምስት መስመሮች ተጀመረ። ከነዚህ አንዱ ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና፣ በካዛንቺስ ጫፍና በመስቀል አደባባይ አድርጎ ወደ ቦሌ የሚሄደው ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ይፋ ሲሆን ስምንት መስመሮችና 132 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ነበረው። ካዛንቺስ ራሱን የቻለ መስመር ሆኖ የገባው በዚህ ምዕራፍ ነው፤ የቀበና ወንዝ ዳርቻና ከእንጦጦ ወደ ፒኮክ መናፈሻ የሚወርደው የወንዝ ዳር ሥራም ከዚሁ ጋር ተካትተዋል። ሥራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ የመንገድ መብራት፣ የሕዝብ መጸዳጃ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የልጆች መጫወቻና አረንጓዴ ቦታ ያካትታል። በአየር ላይ ተጠላልፈው የነበሩት የመብራትና የስልክ ሽቦዎች በመሬት ውስጥ እንዲያልፉ ተደርጓል፤ ይህ ለዓይን ብዙም ባይታይም ለወደፊቱ ጥገና ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣ ሥራ ሊሆን ይችላል።

የጋራ አጠቃቀም

በአንድ መንገድ ላይ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው፣ አሥር የሚሮጥና ሃያ የሚጋልብ ብስክሌተኛ ሲገናኙ ግጭቱ የሚመጣው ከፍጥነቱ ልዩነት ነው። በመሆኑም ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ተጠቃሚው ብዙ በሆነበት ቦታ እግረኛና ብስክሌት እንዲለያዩ ይመክራሉ። ለእግረኛ ብቻ ምንም ነገር ያልቆመበት ቢያንስ ሁለት ሜትር፣ በአንድ አቅጣጫ ለሚሄድ ብስክሌት ሌላ ሁለት ሜትር፣ ሁሉም በጋራ ለሚጠቀሙበት መንገድ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ሜትር የተለመደ ልክ ነው። «ምንም ያልቆመበት» የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። አምስት ሜትር የሚሰፋ ንጣፍ መሃሉ ላይ የመብራት ምሰሶ፣ የአበባ ሣጥንና የማስታወቂያ ሰሌዳ ከተደረደሩበት ለእግረኛው የሚተርፈው ሁለት ሜትር ላይሞላ ይችላል።

ከሒልተን ወደ መስቀል አደባባይ በሚወርደው ቁልቁለት የብስክሌት ፍጥነት ይጨምራል፤ የአውቶቡስ ማቆሚያ ያለበት ቦታ ደግሞ ተሳፋሪው ወርዶ በቀጥታ የሚረግጠው የብስክሌት መስመሩን ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ምልክትና ቀለም ብቻ አይበቃም። መስመሩ ከማቆሚያው በስተጀርባ ቢዞር፣ ወይም ብስክሌተኛው ፍጥነቱን ሳይወድ በግዱ እንዲቀንስ ንጣፉ ትንሽ ከፍ ቢል ይሻላል። ሌላው ጉዳይ ሞተር ሳይክል ነው፤ መስመሩ የተሠራው በሰው ጉልበት ለሚንቀሳቀስ ነገር እንጂ ለመላላኪያ ሞተር አይደለም።

ለዓይነ ስውራን የሚነጠፈው ሸካራ ንጣፍ በእግርና በበትር የሚነበብ ምልክት ነው። ረጃጅም መስመሮች ያሉት «ቀጥል»፣ ነጠብጣብ ያለው «ቁም፣ ተጠንቀቅ» ማለት ነው። አንድ ንጣፍ ተሰብሮ በሌላ ዓይነት ከተተካ ወይም መስመሩ ዛፍ ላይ ቢያበቃ ምልክቱ ከመጥቀም አልፎ ያሳስታል። ለዊልቸር የሚሠራ መውጫ ከ12 ሜትር ርዝመት ከአንድ ሜትር በላይ ከፍታ እንዳይኖረው ይመከራል። መኪና እንዳይገባ የሚተከሉ አጫጭር ምሰሶዎች መካከል ያለው ክፍተት በጣም ከጠበበ ዊልቸርን ይዘጋል፣ በጣም ከሰፋ ደግሞ መኪናን ያስገባል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀች ሲሆን፣ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መሆን እንዳለባቸው ይደነግጋል። ከሕንፃው በር እስከ መንገዱ ያሉት ጥቂት ሜትሮች ግን የሕንፃው ባለቤት ናቸው ወይስ የከተማው የሚለው ጥያቄ በየደጃፉ ይነሣል።

አዲስ አበባ የብስክሌት መስመር ከብስክሌተኛው ቀድሞ የመጣባት ከተማ ናት ማለት ይቻላል። በባሕር ዳርና በሐዋሳ ሜዳማው መሬት ብስክሌትን ከጥንት የዕለት መጓጓዣ አድርጎታል፤ መስመር ሳይቀባለትም ሰው ይነዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከተወዳደረችባቸው ስፖርቶች አንዱ ብስክሌት እንደነበር ብዙ ሰው አያስታውስም።

አስተዳደር

አንድ ሜትር የእግረኛ መንገድ ብዙ ባለቤት አለው። አስፋልቱን፣ ንጣፉንና የጎርፍ ማስወገጃ ቦዩን የሚመለከተው የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ነው። ምልክትና የትራፊክ ፍሰት የትራፊክ ማኔጅመንት፣ መጥረግ የጽዳት አስተዳደር፣ ሣርና ዛፍ የውበትና አረንጓዴ ልማት፣ ሕገ ወጥ ንግድና ቆሻሻ መጣልን መቆጣጠር የደንብ ማስከበር መሥሪያ ቤቶች ድርሻ ነው። ከንጣፉ ሥር ደግሞ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቱቦ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ገመድና የኢትዮ ቴሌኮም መስመር ይሄዳሉ።

የዚህ ክፍፍል ጉዳት በተለይ የሚታየው ከቁፋሮ በኋላ ነው። ቱቦ የፈነዳበት መሥሪያ ቤት ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ቱቦውን ጠግኖ፣ አፈሩን መልሶ ይሄዳል። አፈሩ በየንብርብሩ ካልተጠቀጠቀ ግን በመጀመሪያው ዝናብ ይሰምጣል፣ በላዩ የተመለሰው ንጣፍም አብሮ ይወርዳል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው በኮሪደር ልማቱ እንደተደረገው ለሁሉም መስመሮች የጋራ ቦይና መክፈቻ ክዳን ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው የሚቆፍረው አካል ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ጉድጓዱን ወደ ነበረበት እንዲመልስና ለተወሰነ ጊዜ ኃላፊነቱ እንዳይወርድለት ማድረግ ነው። ለዚህ ግን ከመሬት በታች ያለው ነገር ሁሉ የሠፈረበት ካርታ ያስፈልጋል፤ ኮንትራክተሩ ሥራውን ሲያስረክብ የሚያቀርበው የመጨረሻ ንድፍ በአንድ ቦታ ካልተቀመጠ ቀጣዩ ቆፋሪ የሚመራው በግምት ይሆናል።

የዕለት ተዕለቱን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ነዋሪዎች በአካባቢ ጽዳትና በአረንጓዴ ልማት አሰማርቶ ክፍያ ይሰጣል፤ የመኪና ማቆሚያዎችን ደግሞ በብዛት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ይይዛሉ። ማለዳ መጥረጊያ ይዛ የምትወጣው እናት የተሰበረ ንጣፍ፣ የጠፋ ክዳን ወይም የጠፋ መብራት መጀመሪያ የምታየው ሰው ናት። ያየችውን ለማን እንደምትናገር የተወሰነበት አሠራር ካለ ብልሽት በቀናት ውስጥ ይታወቃል። ከሌለ አንድ ሰው እስኪወድቅበት ይቆያል።

ጥገና

የመንገድ ጥገና በተለምዶ በሦስት ይከፈላል። መጥረግ፣ ቦይ ማጽዳት፣ ሣር ማጨድ የዘወትር ጥገና ናቸው፤ ቀለምና መጋጠሚያን ማደስ በየጥቂት ዓመቱ ይመጣል፤ ከጎርፍ ወይም ከመኪና ግጭት በኋላ የሚደረገው ደግሞ ድንገተኛ ነው። ርካሹ የመጀመሪያው ነው፤ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ወር ባይሠራ ማንም አያስተውልም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጠላት ውሃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በተለይም በሐምሌና ነሐሴ ይወርዳል። ንጣፍ ድንጋዩ ራሱ በውሃ አይጎዳም። የሚጎዳው ከሥሩ ያለው አሸዋና የተጠቀጠቀ መሠረት ነው። በመጋጠሚያው ቀዳዳ የገባ ውሃ አሸዋውን ቀስ በቀስ ያጥበዋል፣ ከሥር ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ ድንጋዩ መወዛወዝ ይጀምራል። በዝናብ ሰዓት እንዲህ ያለውን ድንጋይ የረገጠ ሰው ጭቃ ውሃ እስከ ጉልበቱ ይረጨዋል፤ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ሲላላ አጎራባቾቹ ድጋፍ ያጣሉ፤ ስለዚህ አንድ ድንጋይ በሳምንቱ አንሥቶ፣ አሸዋውን ሞልቶ፣ ደልድሎ መመለስ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ሲሆን፣ ከአንድ ክረምት በኋላ ግን ብዙ ካሬ ሜትር ማንሣትን ይጠይቃል። ንጣፉ ወደ ቦዩ አቅጣጫ ከመቶ ሁለት ያህል ማዘቅዘቅ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ውሃ ይቆማል፣ በጣም ከበዛ ደግሞ ዊልቸር ወደ ጎን ይንሸራተታል።

ቦዩ የሚደፈነው በደለል ብቻ አይደለም። የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ፌስታልና የግንባታ ትርፍ ከዝናቡ በፊት ይጠብቁታል። በመሆኑም የቦይ ጽዳት ዋናው ወቅት ግንቦት ነው፤ ክረምቱ ከገባ በኋላ የሚደረግ ጠረጋ ከጎርፍ ጋር እሽቅድምድም ይሆናል። ከቦዩ የወጣው ደለል በዳሩ ተቆልሎ ካደረ ደግሞ የሚቀጥለው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል፤ ስለዚህ ጠራጊውና ጫኙ መኪና በአንድ ቀን መምጣት አለባቸው። የብረት ክዳኖች ለቁርጥራጭ ብረት ገበያ ሲሰረቁ የሚፈጠረው ክፍት ጉድጓድ በማታ ለሰው ሕይወት አደገኛ በመሆኑ በብዙ ከተሞች ክዳኑን በኮንክሪት ወይም በማጠፊያ በታሰረ ብረት መተካት ተለምዷል።

አፈሩም ይለያያል። ወደ እንጦጦ ያለው የከተማዋ ክፍል ድንጋያማና ቀይ አፈር ሲሆን፣ ከቦሌ ወደ አቃቂ የሚዘረጋው ሜዳ በሰፊው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በላዩ የሚሠራ መንገድ አፈሩ እስከ በቂ ጥልቀት ተቆርጦ በተመረጠ ገረጋንቲ ካልተተካ ማዕበል ይመስል ይገላበጣል።

ዛፍና ሣር ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት በቦቴ ወይም በመስመር ውሃ መጠጣት አለባቸው። ከተማዋ ለነዋሪው ውሃ በፈረቃ በምታዳርስበት ጊዜ ሣር ማጠጣት ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም፤ የጉድጓድ ወይም የተጣራ ፍሳሽ ውሃ መጠቀም ይህን ያቃልላል። ዘንባባ ለዓይን ያምራል፣ ሥሩም ንጣፍ አያነሣም፤ ጥላው ግን በእኩለ ቀን ለሚሄድ እግረኛ የሚበቃ አይደለም። እንደ ወይራ፣ ዝግባና ግራር ያሉ አገር በቀል ዛፎች ቀስ ብለው ቢያድጉም ከጸኑ በኋላ ብዙ ውሃ አይጠይቁም። ሥራቸው ንጣፉን እንዳያነሣ ከግንዱ ዙሪያ ክፍት አፈር መተው ያስፈልጋል፤ ግንዱን እስከ አንገቱ በሲሚንቶ መክበብ ዛፉንም ንጣፉንም ያበላሻል።

ስለ መብራት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ መንገድ ማታ ካልበራ ለሴቶች የለም ማለት ይቻላል። መጸዳጃ ቤት ግን ከሁሉም ክፍሎች ለማስተዳደር አስቸጋሪው ነው። ውሃ፣ ሳሙና፣ ጠባቂና በጊዜ የሚመጣ የፍሳሽ መኪና ካልተገናኙ በሳምንታት ውስጥ ይዘጋል። አገልግሎቱን አነስተኛ ክፍያ ለሚሰበስብ ማኅበር መስጠት የተለመደ መፍትሔ ሲሆን፣ ክፍያው ለጎዳና ተዳዳሪና ለቀን ሠራተኛ ከበዛ ግን መጸዳጃው እያለ ግድግዳው ሥር መሽናት ይቀጥላል።

ወንዝ ዳር

በቀበናና በባንቲ ይቀጡ ዳር የሚሄደው መንገድ ከጎዳናው የተለየ ችግር አለው። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ቁልቁለቱ ኃይለኛ ስለሆነ በደቂቃዎች ይሞላል፣ በሰዓታት ይጎድላል። የድጋፍ ግንብ የሚፈርሰው ውሃው ከሥሩ ያለውን አፈር ሲቦረቡር ነው፤ ከግንቡ ጀርባ የሚጠራቀመው ውሃ መውጫ ቀዳዳ ካጣም ግንቡን ወደ ወንዙ ይገፋዋል። በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ፣ ጋቢዮን፣ ውሃ ስለሚያሳልፍና ትንሽ ቢሰምጥም ስለማይሰነጠቅ ለእንዲህ ያለው ቦታ ይመረጣል። ከያንዳንዱ ክረምት በኋላ፣ መስከረም ላይ፣ የግንቡን እግር መፈተሽ የግድ ነው።

ሁለተኛው የውሃው ንጽሕና ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ወንዞቹ የመጸዳጃ ፍሳሽና የፋብሪካ ተረፈ ምርት መውረጃ ሆነው ኖረዋል፤ ከመኖሪያ ቤት በቀጥታ ወደ ወንዝ የተለቀቀ ቱቦ እስካለ ድረስ በዳሩ የተነጠፈው ድንጋይ ሽታውን አያስቀርም። የከተማው አስተዳደር የወንዝ ዳርቻን ብክለት ለመከላከል በ2017 ዓ.ም. ደንብ አውጥቶ ፍሳሽ በሚለቁ ላይ ቅጣት ጥሏል። ቅጣቱ የሚሠራው ግን ቤቱ የሚገናኝበት የፍሳሽ መስመር በአካባቢው ሲኖር ነው። በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሴኡል ቾንግዬቾን ጅረት እ.ኤ.አ. በ2005 ከላዩ የነበረው መንገድ ፈርሶ 5.8 ኪሎ ሜትር መናፈሻ የሆነ ሲሆን፣ ንጹሕ ውሃ እንዲፈስበት በየቀኑ 120 ሺህ ቶን ያህል ውሃ በፓምፕ ይሳባል። መናፈሻው ያማረ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሒሳቡም የዘላለም ነው።

በዓላትና ሩጫ

መስቀል አደባባይ በዓመት ጥቂት ቀናት ከመደበኛው የተለየ ሸክም ይሸከማል። መስከረም 16 ደመራ ይለኮሳል፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። በማግስቱ አመዱን ማንሣት ብቻ ሳይሆን ከብዙ ሺህ ጧፎች የወረደውን ሰም መፋቅ ያስፈልጋል፤ በለሰለሰ ንጣፍ ላይ የቀረ ሰም ሲረገጥ ያንሸራትታል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኅዳር ጎዳናውን ይሞላል። ለጥምቀት ታቦታት ሲወጡና ሲገቡም መንገዱ ለሕዝቡ ይለቀቃል። ለነዚህ ቀናት የሚነሡት የአበባ ሣጥኖችና ምሰሶዎች ተነቃይ ሆነው መሠራታቸው ከበዓሉ በኋላ ስብርባሪ ከመልቀም ያድናል።

ክርክሮች

የካዛንቺስ መንገድ የተዘረጋው ሰው ይኖርበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ከፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የመንግሥት ሆነው በአነስተኛ ኪራይ ሲኖርባቸው የቆዩ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. የተነሡት ነዋሪዎች በከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ ወዳለው ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ተዛወሩ። የከተማው አስተዳደር ነዋሪዎቹ ከተጎሳቆለ ቤት ወጥተው መጸዳጃና ውሃ ያለው የተሻለ ቤት እንዳገኙ ይገልጻል። ተቺዎች በበኩላቸው የማስጠንቀቂያ ጊዜው ማጠሩን፣ የሥራ ቦታና ትምህርት ቤት መራቁን፣ በተለይም ከዕቁብና ዕድር መለያየትን ያነሣሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ከኮሪደር ልማቱ ጋር የተያያዘ በግዳጅ ማፈናቀል እንዲቆም ጠይቋል።

ጉዳዩ የመንገዱን ጥገናም ይነካል። አሜሪካዊቷ ጄን ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመችው መጽሐፍ የጎዳና ደኅንነት በዋናነት የሚጠበቀው በፖሊስ ሳይሆን በዳሩ በሚኖሩና በሚነግዱ ሰዎች ዓይን መሆኑን ተከራክራለች። በሩ ላይ ቡና የምታፈላ ሴት፣ ሱቋ እስከ ምሽት ክፍት የሆነ ነጋዴና ጥግ የያዘ ሊስትሮ ካሉ መብራት ሲሰበር የሚያይ ሰው አለ። ከመንገዱ ዳር ያሉት ቦታዎች አጥርና ባዶ መሬት ሆነው በሚቆዩባቸው ዓመታት ይህን ሥራ ጥበቃና ካሜራ መተካት ይኖርባቸዋል፤ ያም ወጪ ነው። በተመሳሳይ ምክንያት ጀብሎና ጉሊት ፈጽሞ ከመከልከል ይልቅ ከመራመጃው ውጪ የተወሰነ ቦታና ሰዓት ቢሰጣቸው የሚሻል መሆኑን የሞተር አልባ ትራንስፖርት ባለሙያዎች ይመክራሉ።

የቀረው ጥያቄ የመንገዶቹ መያያዝ ነው። ብስክሌተኛ የሚጓዘው በመስመሩ ርዝመት ሳይሆን በመቋረጫዎቹ ብዛት ነው፤ አደባባዮች፣ የወንዝ ድልድዮችና የባቡር መሻገሪያዎች በእያንዳንዳቸው ወርዶ መግፋት የሚያስገድዱ ከሆነ ብስክሌቱ ወደ ቤት ይመለሳል። ከእንጦጦ ተነሥቶ በወዳጅነት ፓርክና በካዛንቺስ ግርጌ ወደ ፒኮክ የሚወርደው የወንዝ ዳር መስመር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ በየመንገዱ ድልድይ ሥር እየሾለከ ስለሚያልፍ መኪና መንገድ መሻገርን አይጠይቅም። በክረምት ጎርፍ የሚሞላውና ደለል የሚተኛበትም እነዚሁ የድልድይ ሥር መተላለፊያዎች ናቸው፤ ጎርፍ ሲመጣ የሚዘጉበትና ሲጎድል ታጥበው የሚከፈቱበት ሠራተኛ በሐምሌና በነሐሴ በየዕለቱ ያስፈልጋቸዋል።